ግድግዳው ሲሰነጠቅ ጭዱ ምን ይሠራል?

የዕፅዋት ቃጫ ጥንካሬና ዘላቂ የቤት ሥራ፤ ለሕዝብ የቀረበ የትምህርት ንግግር



የዛሬው ርእሳችን ጭድ፣ ሲሳል፣ የእንሰት ቃጫና ቀርቀሃ ነው። አብዛኞቻችን ባደግንባቸው ቤቶች ውስጥ ከእነዚህ አንዱ ወይም ሌላው አለ። ትምህርቱን በአንድ ጥያቄ ልጀምር። ጭቃ ቤት ያሠራ ወይም ሲሠራ ያየ ሰው ሁሉ ጭቃው ውስጥ የጤፍ ጭድ እንደሚገባ ያውቃል። ለምን ይገባል? ተብሎ ቢጠየቅ «ጭቃውን እንዲያጠነክረው ነው» ይላል። መልሱ ትክክል ነው፤ ግን ጎደሎ ነው። ጭድ የበዛበትን የደረቀ የጭቃ ጡብ መጭመቂያ መሣሪያ ውስጥ አስገብተን ከላይ ብንጫነው፣ ጭድ ከሌለው ጡብ ባነሰ ጫና ሊደቅ ይችላል። ጭድ ቀላል ነውና የከባዱን አፈር ቦታ ይይዛል፤ ጡቡንም ያሳሳዋል።

እንዲህ ከሆነ ታዲያ ግንበኞች በሺህ ለሚቆጠሩ ዓመታት ጭድን ከጭቃ ያልለዩት ለምንድን ነው? ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 5 ላይ ፈርዖን ለእስራኤላውያን ጭድ እንዳይሰጣቸው፣ የሚሠሩት ጡብ ቁጥር ግን እንዳይቀንስ ማዘዙን እናነባለን። ጭድ ለጡብ ሥራ የግድ ባይሆን ኖሮ ጭድ አለመስጠቱ ቅጣት ባልሆነ ነበር። በዚያ ዘመን የነበረው ጡብ ሠሪ መጭመቂያ መሣሪያ አልነበረውም፤ ያለ ጭድ የሠራው ጡብ በፀሐይ ሲደርቅ እንደሚሰነጣጠቅ ግን ጠንቅቆ ያውቅ ነበር።

ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ነገር በአጭሩ ይህ ነው፦ የዕፅዋት ቃጫ ትልቁን ሥራውን የሚሠራው ስንጥቅ ሲመጣ ነው። ይህን የተረዳ ሰው ቃጫን የት ማዋል እንዳለበትና የት ማዋል እንደሌለበት ያውቃል። ይህን ሳይረዳ የሚሠራ ሰው ግን ወይ ይንቀዋል፣ ወይ ከአቅሙ በላይ ይጭነዋል።

ሦስት የተለያዩ ባሕርያት

በዕለት ተዕለት ንግግራችን «ጠንካራ» የምንለው ነገር በምሕንድስና ቢያንስ ሦስት ቦታ ይከፈላል። የመጀመሪያው ጥንካሬ ነው፤ አንድ ነገር እስኪበጠስ ወይም እስኪደቅ ድረስ የሚሸከመው ኃይል ማለት ነው። ሁለተኛው ግትርነት ነው፤ ሲጫኑት ምን ያህል እንደማይለጠጥና እንደማይጎብጥ የሚለካበት። ሦስተኛው ጽናት ነው፤ አንድ ነገር ፈጽሞ እስኪለያይ ድረስ ምን ያህል ጉልበት እንደሚያስጨርስ የሚናገር። መስታወት ግትር ነው፤ ጽናት ግን የለውም። የደረቀ ጭቃና ሲሚንቶም በዚህ በኩል ከመስታወት ብዙም አይርቁም። ከላይ ሲጫኗቸው ይችላሉ፤ ሲወጥሯቸው ግን ወዲያው ይከዳሉ። ኮንክሪት ለመወጠር ያለው አቅም ለመጨመቅ ካለው አቅም ወደ አንድ አሥረኛው ገደማ ብቻ ነው። ፌሮ የምናስገባውም ለዚሁ ነው።

አንድ የሲሳል ክር በቅርብ ሲታይ

ከሲሳል ገመድ አንድ ክር መዝዛችሁ አውጡ። ውፍረቱ ወደ 0.2 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። በሁለት ጣት ይዛችሁ ለመበጠስ ብትሞክሩ ጣታችሁን ይቆርጣችኋል እንጂ በቀላሉ እሺ አይላችሁም። የሲሳል ቃጫ የመወጠር ጥንካሬ አብዛኛውን ጊዜ ከ400 እስከ 700 ሜጋ ፓስካል ይለካል። 500ን ብንወስድ፣ በ1 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ላይ 50 ኪሎ ያህል ማንጠልጠል ማለት ነው። የክራችን ስፋት የዚያ ከመቶ ሦስት እጅ ያህል ስለሆነ፣ ያ አንድ ቀጭን ክር ብቻውን ከ1 ኪሎ ተኩል በላይ ይሸከማል። ቤታችሁ ገብታችሁ አንድ ኪሎ ስኳር አንጠልጥላችሁ ልትሞክሩት ትችላላችሁ።

500 ሜጋ ፓስካል ለፌሮም የተለመደ ቁጥር ነው። የፌሮ እፍጋት ግን የውኃ 7.85 እጥፍ ሲሆን የሲሳል 1.45 እጥፍ ገደማ ነው። ስለዚህ ክብደት ለክብደት ካወዳደርናቸው ሲሳል ከፌሮ ከ5 እጥፍ በላይ ይሸከማል። ይህን ቁጥር ሰምቶ «እንግዲያው ፌሮን በቃጫ እንተካ» የሚል ሰው አይጠፋም። እዚህ ላይ ግትርነትን ማስታወስ ያስፈልጋል። ብረት 200 ጊጋ ፓስካል ግትርነት አለው፤ ሲሳል ግን ብዙውን ጊዜ በ10 እና በ20 መካከል ነው። በእኩል ውጥረት ሲሳል ከብረት ከ10 እስከ 20 እጥፍ ይለጠጣል። በሲሳል የተሠራ ወራጅ ሳይበጠስ በፊት ጎብጦ በሩን አልከፈትም አልዘጋም ያሰኘዋል። ጠንካራ ሆኖ ለስላሳ መሆን ይቻላል፤ የዕፅዋት ቃጫ እንዲህ ያለ ነገር ነው።

ጥንካሬው ከየት መጣ? ከሴሉሎስ ነው። በእያንዳንዱ የቃጫ ሕዋስ ግድግዳ ውስጥ በዓይን የማይታዩ የሴሉሎስ ክሮች ተጠምዝዘው ይገኛሉ፤ ሊግኒን የሚባለው ንጥረ ነገርና ሌሎች ደግሞ እርስ በርስ ያጣብቋቸዋል። ወሳኙ ነገር የጥምዘዛው ዘዌ ነው። ተልባ በሚሰጠው ቃጫ ውስጥ ክሮቹ ከርዝመቱ ጋር የሚሠሩት ዘዌ ወደ 10 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ስለዚህ የተልባ ቃጫ እጅግ ጠንካራና ግትር ነው። በሲሳል ወደ 20 ዲግሪ ይደርሳል። በኮኮናት ቅርፊት ቃጫ ደግሞ ወደ 45 ዲግሪ ይጠጋል፤ ይህ ቃጫ በጥንካሬ ከሁሉ ያንሳል፣ ነገር ግን ሳይበጠስ ከርዝመቱ ሩብ በላይ ሊለጠጥ ይችላል። ተክሉ ለየትኛው ሕይወት እንደተሠራ ቃጫው ይናገራል፤ ግንበኛም ለየትኛው ሥራ እንደሚሆነው ከዚያ ይረዳል።

አንድ ነገር ልጨምር። ፋብሪካ የሚያወጣው ፌሮ አንዱ ከሌላው ብዙ አይለይም። ቃጫ ግን ከአንዱ ቅጠል ወደ ሌላው፣ ከቅጠሉ ሥር ወደ ጫፉ ይለያያል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይላል ተረታችን፤ እውነት ነው፣ ግን ሁኔታ አለው። አንድ መቶ ክር ጎን ለጎን ብታስሩና ብትስቡ የመቶውን ድምር ጥንካሬ አታገኙም። አጠር ብለው የተወጠሩት ቀድመው ይበጠሳሉ፤ ጭነቱ ለቀሩት ይተርፋል፤ እነሱም በተራቸው ይሄዳሉ። ገመድ የሚከረረው ለዚህ ነው፦ ሲከረር ክሮቹ እርስ በርስ ይያያዛሉ፣ አንዱ ቢበጠስ እንኳ ጭነቱን ለጎረቤቱ በሰበቃ ያስተላልፋል። በግድግዳ ውስጥ ይህን የማስተላለፍ ሥራ የሚሠራው ጭቃው ነው።

ጭቃና ጭድ እንዴት ይተባበራሉ?

ሸክላማ አፈር ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ግድግዳው ላይ ያለው ምርጊት ከማገሩና ከአጣናው ጋር ተይዟልና እንደልቡ መኮማተር አይችልም፤ ስለዚህ ይወጠራል፣ ይሰነጠቃል። ጭድ ከሌለው ሰፋፊ ስንጥቆች ያወጣል፤ ክረምት ሲገባ ውኃው በዚያ ይገባና ምርጊቱን እየቆረሰ ያወርደዋል። ጭድ ሲኖረው ግን ስንጥቁ ገና ሲከፈት ጭዶቹ ከዳር እስከ ዳር ይይዙታል። መኮማተሩ አይቀርም፤ በአንድ ትልቅ ስንጥቅ ፈንታ በብዙ ጥቃቅን ስንጥቆች ይከፋፈላል። ጥቃቅኖቹን ደግሞ የመጨረሻው ልስን ይደፍናቸዋል።

በቀላሉ የምትፈትሹበት መንገድ ልንገራችሁ። አንድ ዓይነት አፈር ወስዳችሁ ክንድ የሚያህሉ ሁለት የጭቃ ዘንጎች ሥሩ፤ አንዱ ጭድ ይኑረው፣ ሌላው አይኑረው። ጥላ ውስጥ በደንብ ከደረቁ በኋላ ጫፍና ጫፋቸውን በድንጋይ ላይ አስቀምጡና መካከላቸውን ቀስ እያላችሁ ጫኑ። ጭድ የሌለው ያለ ማስጠንቀቂያ ቀጭ ብሎ ለሁለት ይከፈላል። ጭድ ያለውም ይሰነጠቃል፤ የሚሰነጠቅበት ጭነት ከወንድሙ ብዙ ላይለይ ይችላል። ነገር ግን አይወድቅም። ስንጥቁ ሲከፈት ጭዶቹ አንድ በአንድ ሲመዘዙ ታያላችሁ፤ ቀረብ ብትሉም ድምፃቸውን ትሰማላችሁ። እያንዳንዱ ጭድ ከጭቃው እየተፋተገ ሲወጣ ጉልበት ይበላል። ጽናት የምንለው ይህ ነው። የጭዱ መመዘዝ ራሱ ሥራ ነው፤ መበጠስ ቢሆን ኖሮ በአንድ አፍታ ባለቀ ነበር።

የጭዱ ርዝመት የሚያስጨንቀውም ከዚህ የተነሣ ነው። በጣም ካጠረ ጭቃው በቂ መያዣ አያገኝበትም፤ ሳይታገል ይወጣል። በጣም ከረዘመ ሲረገጥ እየተቋጠረ ጭቃ የማይደርስበት ባዶ ቦታ ይፈጥራል። ጭቃውን ጭድ ጨምሮ፣ ውኃ እያጠጡ፣ እየረገጡ ለቀናት ማቡካቱም ትርጉም አለው። ጭዱ ይለሰልሳል፣ ላዩን የሸፈነው ሰም መሰል ነገር ይዳከማል፣ ጭቃውም የሚጣበቅ ይሆናል፤ ሁለቱ ሲደርቁ ይበልጥ ይቆራኛሉ። ከልጅነታቸው ጀምሮ ጭቃ የረገጡ አባቶች «ገና አልበሰለም» ሲሉ የሚናገሩት ስለዚህ ቁርኝት ነው።

ቀርቀሃ፣ ተፈጥሮ ራሷ ያዋቀረችው

ቀርቀሃ ሰው ሳይቀላቅለው ቃጫና ማያያዣ ሆኖ ያደገ ነው። ኢትዮጵያ ከ1 ሚሊዮን ሄክታር በላይ የቀርቀሃ ሀብት አላት፤ በአፍሪካም ከቀዳሚዎቹ አንዷ ናት። ሁለት አገር በቀል ዝርያዎች አሉን። የደጋው ቀርቀሃ ውስጡ ክፍት ሆኖ በአዊ፣ በሲዳማና በሌሎች ደጋማ አካባቢዎች ይበቅላል፤ የቆላው ደግሞ ውስጡ ድፍን ወደመሆኑ ይጠጋል፣ ሰፊው ሀብትም በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ይገኛል።

የቀርቀሃን ግንድ አግድም ቆርጣችሁ ብትመለከቱ ጥቁር ነጥቦች ታያላችሁ። የቃጫ ጥቅሎች ናቸው። ወደ ውስጥ በኩል ተራርቀው፣ ወደ ቅርፊቱ በኩል ተጠጋግተው ይገኛሉ። ነፋስ ግንዱን ሲያጎብጠው ከፍተኛው ውጥረት የሚያርፈው በውጨኛው ክፍል ነውና ተክሉ ቃጫውን ያከማቸው በሚያስፈልግበት ቦታ ነው። በቁመቱ ሲወጠር ከ100 ሜጋ ፓስካል በላይ ይሸከማል። በአግድም ግን ደካማ ነው፤ ቃጫዎቹ ሁሉ በአንድ አቅጣጫ የሄዱ ስለሆኑ በስንጥቅ በኩል የሚይዘው የለም። ሚስማር የተመታበት ቀርቀሃ ከዳር እስከ ዳር የሚሰነጠቀው ለዚህ ነው። መፍትሔው በመሰርሰሪያ መብሳት ወይም ማሰር ነው።

ዶርዜዎች ይህን ዕውቀት እስከ ጥግ ወስደውታል። ቤታቸው ከተሰነጠቀ ቀርቀሃ የተጠለፈ ነው፤ ጥልፉ በሁለት አቅጣጫ ስለሚሄድ የአንዱን ድክመት ሌላው ይሸፍናል። የቤቱን ታችኛ ክፍል ምስጥና እርጥበት ሲበሉት የተበላውን ቆርጠው ቤቱን ዝቅ ያደርጉታል፤ አስፈላጊ ሲሆንም ሰው ተሰብስቦ ቤቱን ተሸክሞ ወደ ሌላ ቦታ ያዛውረዋል። አዲስ ሲሠራ እጅግ ረጅም የሚሆንበት አንዱ ምክንያት ወደፊት የሚቆረጠው ታስቦ ነው። መበስበስን አስቀድሞ አስልቶ መሥራት ይሉታል ይህን።

መሬት ሲንቀጠቀጥ

የጽናት ዋጋ ጎልቶ የሚታየው በርዕደ መሬት ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 1999 በኮሎምቢያ የቡና አምራች አካባቢ፣ በአርሜኒያ ከተማ ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ ደርሶ ከ1,000 በላይ ሰዎች ሞቱ። በዚያ አካባቢ «ባሐሬኬ» የሚባል ቤት አለ፦ ከቀርቀሃና ከእንጨት ተዋቅሮ በጭቃ ወይም በሲሚንቶ የሚመረግ። እኛ ቋሚና ማገር አድርገን ከምንሠራው ቤት ጋር የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው። በደንብ የተያዙት የባሐሬኬ ቤቶች ከብዙ የጡብ ግንቦች በተሻለ ቆመው ቀሩ። ቀላል ስለሆኑ መንቀጥቀጡ ያሳደረባቸው ኃይል አነስተኛ ነው፤ መጋጠሚያቸው ታስሮ የተሠራ በመሆኑም ሳይለያዩ ይወዛወዛሉ። ኮሎምቢያውያን አድንቀው አልቀሩም። ጥናት አካሂደው፣ እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጡት የሕንፃ ሕግ ውስጥ ለአካባቢያቸው ቀርቀሃ ራሱን የቻለ ምዕራፍ ሰጡት።

እኛም በስምጥ ሸለቆ ላይ የምንኖር ሕዝብ ነን። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌና በአካባቢው የተከታተለው የመሬት መንቀጥቀጥ እስከ አዲስ አበባ ተሰምቷል፤ የአካባቢው ነዋሪዎችም ቤታቸውን ጥለው እንዲወጡ ሆኗል። ያለ ፌሮ የተደረደረ ከባድ ብሎኬት ቤት ከደህና ጭቃ ቤት ይሻላል ብሎ ማሰብ በእንዲህ ያለ ምድር ላይ አደገኛ ነው።

የቃጫ ጠላቶች

ይህን ሁሉ ያልኳችሁ ቃጫ እንከን የለውም ለማለት አይደለም። እንከኑን የማያውቅ ሰው ነው ቤቱ የሚፈርስበት።

ቀዳሚው ጠላት ውኃ ነው። ቃጫ ከአየር እርጥበት ይጠጣል፤ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ በዚህ መመላለስ ከያዘው ነገር ጋር ያለው ቁርኝት ይላላል። ቀርቀሃን በፌሮ ፈንታ ኮንክሪት ውስጥ መቅበር የማይመከረው አንዱ ለዚህ ነው፦ ኮንክሪቱ እርጥብ ሳለ ቀርቀሃው ያብጥና ኮንክሪቱን ሊሰነጥቀው ይችላል፣ ሲደርቅ ደግሞ ተኮማትሮ ይለቅቀዋል። ከዚያ በኋላ ስንጥቅ ቢመጣ የሚይዘው ነገር ስለሌለ ቀርቀሃው ቢኖርም እንደሌለ ነው።

ሁለተኛው ጠላት ሲሚንቶ ራሱ ነው። በሲሚንቶ ቀዳዳዎች ውስጥ ያለው ውኃ ፒኤች ከ12.5 በላይ ነው። ይህ ኃይለኛ አልካሊ ቃጫውን የሚያጣብቀውን ሊግኒንና ሄሚሴሉሎስ ያሟሟል፤ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ደግሞ በቃጫው ውስጥ እየገባ ይጠጥራል። ስዊድናዊው ሐንስ-ኤሪክ ግራም እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ይህን ሂደት አጥንቶ አሳይቷል። ውጤቱ አሳሳች ነው፤ የሲሳል ሲሚንቶ በመጀመሪያዎቹ ወራት እጅግ ጽኑ ሆኖ ይታያል፣ ከዓመታት በኋላ ግን ቃጫው ተሰባሪ ይሆንና ያ ጽናት ይጠፋል።

መፍትሔ ግን ተገኝቷል። በብራዚል፣ በሪዮ ዴ ጃኔይሮ የሮሚልዶ ቶሌዶ ፊሊዮ የምርምር ቡድን ከሲሚንቶው ግማሹን በተቃጠለ ሸክላ ዱቄት በመተካት ካልሲየም ሃይድሮክሳይዱ ተሟጥጦ እንዲያልቅ አደረገ። የሲሳሉ ጽናትም በተደጋጋሚ ከተነከረና ከደረቀ በኋላ እንኳ ሳይጠፋ ቆየ። ለእኛ ይህ ባዕድ ነገር አይደለም። ገበያ ላይ ፒፒሲ የምንለው ሲሚንቶ፣ እንደ ሸክላ ዱቄቱ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድን የሚያሟጥጥ ፖዞላና የተቀላቀለበት ነው፤ ስምጥ ሸለቆአችንም የእሳተ ገሞራ አመድና ድንጋይ ሞልቶበታል። ፒፒሲ ብቻውን ቃጫን ያድናል ማለቴ አይደለም፤ አልካሊውን መቀነስና ማጥፋት ይለያያሉ። መንገዱ ግን ወዴት እንደሚሄድ ያሳያል።

ሦስተኛው ጠላት ሕይወት ያለው ነው፦ ምስጥ፣ ነቀዝና ሻጋታ። ነቀዝ ቀርቀሃን የሚወደው በውስጡ ላለው ስታርች ብሎ ነው። ሦስት ዓመት ያልሞላው፣ ያለ ጊዜው የተቆረጠ ቀርቀሃ ለነቀዝ ቀለብ ነው። የበሰለውን መርጦ መቁረጥ፣ በቦራክስና በቦሪክ አሲድ ውኃ መዘፍዘፍና ጥላ ላይ ማድረቅ ዕድሜውን በብዙ ዓመት ያራዝመዋል።

ዘላቂነት ዕድሜ ነው

ዛሬ «ዘላቂ» የሚለው ቃል በየቦታው ይነገራል። ሲሚንቶ ማምረት በዓለም ከሚለቀቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ7 እስከ 8 በመቶ ያህሉን ድርሻ ይይዛል። ተክል ግን ሲያድግ ካርቦን ከአየር ይስባል፤ ከደረቅ ክብደቱ ወደ ግማሽ የሚጠጋው ካርቦን ነው። ነገር ግን ቤቱ ፈርሶ ቃጫው ከበሰበሰ ወይም ከተቃጠለ ያ ካርቦን ወደ አየር ይመለሳል። በአምስት ዓመት የሚፈርስ የቀርቀሃ ቤት ከተክል ስለተሠራ ብቻ ዘላቂ አይባልም። ቃጫ አካባቢን የሚጠቅመው ረጅም ዕድሜ ሲኖረው ነው፤ ረጅም ዕድሜ የሚኖረው ደግሞ ስንጥቅ ሲመጣ የሚይዝበት አቅሙ ሲጠበቅ ነው። የምሕንድስናው ጥያቄና የአካባቢ ጥበቃው ጥያቄ የተገናኙት እዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ ቤት ለምታሠሩ ሁሉ የምመክረው ይህ ነው። መሠረቱን በድንጋይ ከመሬት ከፍ አድርጉት፤ ጣሪያውን ከግድግዳው አርቃችሁ አውጡት፤ እነዚህ ሁለቱ የቃጫ ጫማና ባርኔጣ ናቸው። ጭቃው ጊዜ አግኝቶ ይቡካ። ቀርቀሃን ሲበስል ቁረጡ፣ አክማችሁ ተጠቀሙበት፣ ከመቸንከር ይልቅ እሰሩት። ቃጫን ለግድግዳ፣ ለልስን፣ ለጣሪያ ክዳን፣ ለመከፋፈያ አውሉት፤ የኮንክሪት ወራጅንና የኮንክሪት ምሰሶን ግን ለፌሮ ተዉለት።

ለመሐንዲሶችና ለተማሪዎች ደግሞ ሌላ አደራ አለኝ። ቀርቀሃ በዓለም አቀፍ ደረጃ የራሱ የዲዛይን መመሪያ አለው፤ አይኤስኦ 22156 ይባላል። መመሪያው ቁጥር ይጠይቃል፤ ያውም አማካዩን ብቻ ሳይሆን ከደካማዎቹ ናሙናዎች የሚገኘውን ቁጥር። የአዊ ቀርቀሃ ከሲዳማው በምን ይለያል? የእንሰት ቃጫ በየትኛው ዕድሜ ይጠነክራል? የየትኛው ወረዳ አፈር ስንት ጭድ ይፈልጋል? እንሰት የሚፍቁ እናቶች፣ ጭቃ የሚያቦኩ ግንበኞች፣ ቀርቀሃ የሚጠልፉ ባለሙያዎች የዚህን መልስ ግማሹን በእጃቸው ይዘውታል። ሌላውን ግማሽ ቤተ ሙከራ ውስጥ እናገኘዋለን። ሁለቱን አንድ ላይ አምጥተን በቁጥር ብናሰፍረው፣ ኮሎምቢያውያን ለባሐሬኬ ያደረጉትን እኛም ለቤቶቻችን ልናደርገው እንችላለን። ያን ጊዜ ጭቃ ቤት የድህነት ምልክት መባሉ ይቀራል፤ ሕግ የሚያውቀው፣ ባንክ ብድር የሚሰጥበት፣ መሐንዲስ ፊርማውን የሚያኖርበት ቤት ይሆናል። ሥራው ከባድ አይደለም፤ ትዕግሥት ይፈልጋል፤ ብንጀምረው ደግሞ በእኛ ዕድሜ የሚፈጸም ነው።